ግዙፉ አቀባይ፦ ቦስተን በጆ ቶርንተን ላይ ያላየው ነገር

በሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) የሚጫወተው ክለብ ቦስተን ብሩይንስ ኖቬምበር 30 ቀን 2005 አምበሉን ጆ ቶርንተንን ለሳን ሆዜ ሻርክስ አሳልፎ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በምትኩ ሦስት ተጫዋቾች ተቀበለ፤ ተከላካዩን ብራድ ስቱዋርትን፣ ጀርመናዊውን የክንፍ አጥቂ ማርኮ ስቱርምንና የመሃል አጥቂውን ዌይን ፕሪሞን። ቶርንተን ያን ጊዜ የ26 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በዚያ የውድድር ዓመት እስከዚያ ቀን በ23 ጨዋታ 9 ጎል አግብቶ 24 ለጎል አመቻችቷል። የውድድር ዓመቱ ሲጠናቀቅ 125 ነጥብ ይዞ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃርት ዋንጫም ወሰደ። በአንድ የውድድር ዓመት ለሁለት ክለቦች ተጫውቶ ይህን ዋንጫ ያነሳ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

ሆኪ ለማይከታተል አንባቢ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ጨዋታ የተጫዋች ነጥብ ማለት ጎልና አሲስት (ለጎል ማመቻቸት) ተደምሮ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ናቸው። በአንድ ጎል ላይ እስከ ሁለት ሰው ድረስ አሲስት ሊቆጠርለት ይችላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አቀባይና አስቆጣሪ እኩል ናቸው። በሰው አፍ ግን እኩል ሆነው አያውቁም፤ በተለይ አቀባዩ ትልቅ ሰው ከሆነ።

ይህ ዝውውር በሆኪ ታሪክ ከሚወቀሱት አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጄኔራል ማናጀሩ የማይክ ኦኮኔል ችኮላ፣ ክለቡ በዚያ ሰሞን የገባበት የሽንፈት ማጥ፣ የተገኘው ምትክ ማነስ ነው። ሁሉም እውነት አለበት። እኔ ግን ጉዳዩን ከዚያ ከስምንት ዓመት ቀደም አድርጌ ነው የምጀምረው፤ ምክንያቱም ቦስተን ቶርንተንን የገመተው እጁን ከማየቱ በፊት ቁመቱን አይቶ ይመስለኛል።

ቶርንተን 1.93 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ነው። በሆኪ እንዲህ ላለ አጥቂ ሥራው ገና ሳይጠየቅ ተቆርጦ ይሰጠዋል። ፓወር ፎርዋርድ ይባላል፤ ከግብ ጠባቂው ፊት ቆሞ ማየት እንዲያቅተው ማድረግ፣ ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚያገለግለውን ጠፍጣፋ ጎማ) መንጠቅ፣ ተከላካይን ከሜዳው አጥር ጋር ማላተም፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ ጎል መምታት። ሲያስፈልግም ጓንቱን ጥሎ መደባደብ። ማቀበል፣ ማየት፣ ጨዋታን ማዘግየት የትንንሾቹና የፈጣኖቹ ድርሻ ነው ተብሎ ይታሰባል። እኛም በእግር ኳስ ረጅሙን ልጅ ሁሉ ሳንጠይቀው በረኛው ፊት አቁመን «በጭንቅላትህ ግጭ» እንደምንለው ነው።

ይህ አስተሳሰብ የትም አለ፤ ቦስተን ላይ ግን ስም ነበረው። ካም ኒሊ ይባላል። ኒሊ ጉልበትንና ጎልን በአንድ ሰው ላይ ያጣመረ፣ ደጋፊው እንደ ራሱ ልጅ የሚወደው የቀኝ ክንፍ አጥቂ ነበር። በ1993–94 ጉልበቱ እያመመው፣ ገባ ወጣ እያለ፣ በተጫወተባቸው የመጀመሪያ 44 ጨዋታዎች 50 ጎል አስቆጥሯል። ጉዳቱ እያየለ ሲመጣ በ1996 ጫማውን ሰቀለ። ክለቡ በቀጣዩ ዓመት ከሊጉ መጨረሻ ወጣ፤ ለ29 ተከታታይ ዓመታት ያልተለየውን ፕሌይኦፍም (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ የሚደረገውን ጥሎ ማለፍ) አጣ። መጨረሻ መውጣት ግን ካሳ አለው። በ1997 ድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘና ከለንደን ኦንታሪዮ ከተማ የመጣውን የ17 ዓመት ግዙፍ ልጅ መረጠ። ኒሊ በሄደ በዓመቱ፣ ከኒሊ የረዘመ ልጅ! ከተማው ምን ብሎ እንደጠበቀው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ልጁ ግን ማንነቱን አልደበቀም ነበር። በዚያው ዓመት በኦንታሪዮ የወጣቶች ሊግ ለሱ ሴንት ማሪ ከተማ ክለብ ሲጫወት ካስመዘገበው 122 ነጥብ ውስጥ 81ዱ አሲስት ነበር። 41 ጎልም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከነጥቡ ከሦስት ሁለት እጁ ማቀበል የሆነን ሰው አስቆጣሪ ብሎ መጠበቅ ቁጥሩን ሳያነቡ ፎቶውን ማየት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት መከራ ነበር። ክንዱን ተሰብሮ ጀመረ፤ በአሰልጣኝ ፓት በርንስ ዘመን በ55 ጨዋታ 3 ጎልና 4 አሲስት ብቻ አገኘ። ያኔ ሁሉም የሚያነጻጽረው ከማን ጋር መሰላችሁ? በዚያው ድራፍት ስምንተኛ ከተመረጠው ከሩሲያዊው ሰርጌይ ሳምሶኖቭ ጋር። ሳምሶኖቭ 1.73 ሜትር ነው፤ በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ የካልደር ዋንጫን ወሰደ። ትንሹ አበራ፣ ትልቁ ወንበር አሞቀ።

ቶርንተን ቀስ በቀስ አደገ። በ2000–01 ደግሞ አንድ ነገር ተፈጠረ፤ 37 ጎል አስቆጠረ። አሲስቱ 34 ነበር። በጨዋታ ዘመኑ ሁሉ ከዚያ በላይ ጎል አስቆጥሮ አያውቅም። ለእኔ ይህ ዓመት በረከት ሳይሆን ወጥመድ ነው የሆነበት። ቦስተን ሲጠብቀው የነበረውን ሰው ለአንድ ክረምት አየና «ይኸው፣ ይችላል» አለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት የውድድር ዓመታት ጎሉ 22፣ 36፣ 23 ሆነ። አሲስቱ ደግሞ 46፣ 65፣ 50። አንዱ ሰው ይህን ሲያይ ጨዋታው እየበሰለ ያለ አቀባይ ያያል። ሌላው ጎሉ የወረደበት፣ መምታት የፈራ ግዙፍ ሰው ያያል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከሰውነቱ ምን ትጠብቃለህ የሚለው ላይ ነው።

በመሃል ያለውን 2002–03ን ለብቻው ማየት አለብን፤ ምክንያቱም መልሱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ቶርንተን በ101 ነጥብ ከፒተር ፎርስበርግና ከማርኩስ ናስሉንድ ቀጥሎ ከሊጉ ሦስተኛ ወጣ። በቀኙ ግሌን መሪ፣ በግራው ማይክ ኑብል ነበሩ። ሁለቱም ከ1.90 የማያንሱ፣ መቶ ኪሎ የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። መሪ 44 ጎል አስቆጠረ። ኑብል 30 አስቆጠረ፤ ኑብል ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ከ15 ጎል አልፎ አያውቅም ነበር። እንግዲህ እዩት። ግብ ጠባቂው ፊት የሚቆሙ፣ ተከላካይ የሚገፉ፣ የተገኘውን የሚመቱ ሁለት ግዙፍ አጥቂዎች ቦስተን ነበሩት። የፓወር ፎርዋርዱ ሥራ እየተሠራ ነበር። የሚሠራውም ሦስተኛው ግዙፍ ሰው ፓኩን በሰዓቱ ስለሚያደርስላቸው ነው። ከተማው ግን አሁንም ሦስተኛውም እንዲመታ ይፈልግ ነበር።

ቶርንተን ራሱ ከዚህ ግፊት ነጻ አልነበረም። በጃንዋሪ 2004 ኒው ዮርክ ላይ ከኤሪክ ሊንድሮስ ጋር ጓንት ጥሎ ተደባደበና ጉንጩ ተሰበረ። ሊንድሮስ የዚያ ዘመን የፓወር ፎርዋርድ ምስል ራሱ ነው ማለት ይቻላል። የቡድኑ ዋና አቀባይ አጥንቱን ሰብሮ ከጨዋታ ሲርቅ ማን ተጠቀመ? ነገር ግን ይህን ዓይነቱን ነገር «ልቡ አለ» ብሎ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ፊት ነበር የሚጫወተው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ብሩይንስ ከሞንትሪያል ጋር በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር ተገናኙ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ፍልሚያ 3 ለ 1 እየመሩ ቆይተው በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፈው ወጡ። ቶርንተን በሰባቱም ተጫወተ፤ አንድም ነጥብ አላገኘም። የጎድን አጥንቱ አካባቢ ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። ዜሮዋ ግን ተጻፈች፣ ጉዳቱ ተረሳ። አምበል ነው፣ ግዙፍ ነው፣ በጭንቅ ሰዓት ጠፋ፤ ወሬው ይህን መልክ ያዘ። ትንሽ ሰው ቢጎዳ «ተቀጠቀጠ» ይባላል፤ ግዙፍ ሰው ሲጎዳ የሚያምነው የለም።

ቀጣዩ ዓመት በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር ጠብ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ቶርንተን ስዊዘርላንድ ሄዶ ለዳቮስ ተጫወተ፤ የአገሪቱን ሻምፒዮናም አሸነፈ። ሲመለስ በሦስት ዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ውል ፈረመ። ብሩይንስ ግን የውድድር ዓመቱን ሲጀምሩ ወደቁ፤ በኖቬምበር መጨረሻ 8 አሸንፈው በ18 ተሸንፈው ነበር፣ ከሽንፈቶቹ አምስቱ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ የመጡ ናቸው። ያኔ ስልኩ ተደወለ። የዝውውሩ ማብራሪያ በአመራርና በቡድን ግንባታ ቋንቋ ነበር የቀረበው። የክለቡ ምርጥ አጥቂ ሄዶ፣ ከሊጉ አጥቂዎች ከፊተኛው ረድፍ የሚቆጠር አንድም ሰው አልመጣም።

ሳን ሆዜም የሚያስቀና ቦታ ላይ አልነበረም። አሥር ጨዋታ ተከታትሎ ተሸንፎ ነበር። ቶርንተን ከሁለት ቀን በኋላ ቡፋሎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማልያውን ለበሰ፤ ሻርክስ 5 ለ 0 አሸነፉ፣ እሱም ሁለት አሲስት አስመዘገበ። ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ ባለው 58 ጨዋታ ሻርክስ 36ቱን አሸንፈው የውድድር ዓመቱን በ99 የቡድን ነጥብ ጨረሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጆናታን ቺቹ የሚባል የቀኝ ክንፍ አጥቂ ነበር፤ በሰሜን ኦንታሪዮ ሙስ ፋክተሪ ከምትባል ደሴት የመጣ፣ የክሪ ብሔር ተወላጅ ነው። በጣም ፈጣን ሯጭ አልነበረም። እጁ ግን ፈጣን ነበር፤ ፓኩ እንደደረሰው ሳያስቆም የመምታት ችሎታ ነበረው። ቶርንተን እስኪመጣ ድረስ በ24 ጨዋታ 7 ጎል ነበረው። ከመጣ በኋላ በቀሩት 58 ጨዋታዎች 49 አስቆጠረ። 56 ሆኖ ያለቀው ቁጥር ከሊጉ ሁሉ የበለጠ ነበርና የሞሪስ ሪቻርድ ዋንጫን ወሰደ።

ቶርንተን ምን ነበር የሚያደርገው? ሁለት ቦታ ላይ አስቡት። አንዱ ከጎሉ ጀርባ ነው። ሌላው በጎን በኩል የሜዳው አጥር ሥር።

አጥሩ ሥር ሲሆን ፓኩን ይቀበልና ወዲያው ጀርባውን ለተከላካዩ ይሰጣል። እግሩን ያሰፋል፣ ዳሌውን ወደ ኋላ ያወጣል፣ ፓኩን በረጅሙ ዱላው ጫፍ ከሰውነቱ አርቆ ይይዛል። ተከላካዩ ከጀርባው አለ፤ በእሱና በፓኩ መካከል ግን መቶ ኪሎ ሥጋና ሁለት ሜትር የሚጠጋ ክንድና ዱላ ቆሟል። ሊደርስበት ቢፈልግ መጎተት ወይም በዱላው መጥለፍ አለበት። በዚያ ዓመት ደግሞ ሊጉ ከአንድ ዓመት መቋረጥ ሲመለስ ዳኞቹ መጎተትንና መጥለፍን በጥብቅ እንዲቀጡ ታዘው ነበር። ስለዚህ ተከላካዩ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ከጀርባው ተለጥፎ መጠበቅ፣ ወይ ለእርዳታ ጓደኛውን መጥራት።

ሲጠብቀው ቶርንተን አይቸኩልም። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፣ አንዳንዴ ሦስት። ሆኪ ላይ ሦስት ሰከንድ ዕድሜ ነው፤ በዚያ ፍጥነት አንድ ሰው ከመሃል ሜዳ ተነስቶ ጎል ፊት ይደርሳል። ቺቹ ያን ጊዜ ሩጫውን እያስተካከለ፣ ከተከላካዩ ዓይን ጀርባ እየገባ ነው። ለእርዳታ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል፤ ሁለት ሰው እሱን ከያዘ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ነጻ ቀርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፓኩን በዱላው ጀርባ፣ አንዳንዴ ፊቱን እንኳን ሳያዞር ይልከዋል። መንገዱ ላይ የተከላካይ ዱላ ተጋድሞ ከሆነ ፓኩን ትንሽ ከበረዶው አንስቶ ያሳልፈዋል፤ ፓኩ ዱላውን ዘሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲያርፍ ተቀባዩ ሳያስተካክል ይመታዋል።

ከጎሉ ጀርባ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ግብ ጠባቂው አንገቱን እያዞረ በትከሻው በኩል ማየት ግድ ይሆንበታል፤ ቶርንተን በቀኝ ይሁን በግራ የሚወጣው አያውቅም። ተከላካዮቹም ዓይናቸው ወደ ጀርባ ስለሄደ ጎል ፊት ያለውን ሰው ይረሱታል። ፓኩ ወደ ፊት ሲወጣ ግብ ጠባቂው ገና እየዞረ ነው።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው አስተሳሰብ የሚፈርሰው። ማቀበል ጊዜ ይፈልጋል። ትንሹ ተጫዋች ጊዜ የሚያገኘው በመሸሽ ነው፤ ይዞራል፣ ያታልላል፣ ከተከላካዩ ይርቃል። ቶርንተን አይሸሽም፤ እዚያው ተጠግቶ ቆሞ ጊዜውን በሰውነቱ ይገዛዋል። ግዝፈቱ ከማቀበል የሚያግደው ሳይሆን የሚያቀብልበት መሣሪያው ነበር። ቦስተን «በዚህ ሰውነት ምነው አይመታም?» ሲል፣ በዚህ ሰውነት ምን እየሠራበት እንዳለ አልጠየቀም።

ቶርንተን ለሳን ሆዜ በተጫወተባቸው 58 ጨዋታዎች 72 አሲስት አስመዘገበ፤ ዓመቱን በ96 ዘጋ። ያሮሚር ያግር 54 ጎል ጨምሮ 123 ነጥብ ነበረው፤ ቶርንተን በሁለት ነጥብ ቀደመው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 92 አሲስት። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከ90 በላይ አሲስት ያስመዘገቡት ከእሱ በፊት ዌይን ግሬትዝኪና ማሪዮ ለሚዩ ብቻ ናቸው። ለሚዩም 1.93 ነው! ነገር ግን ለሚዩን ሰው እንደ ልዩ ፍጡር ስለሚያየው ከደንቡ ውጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ደንቡም ሳይነካ ይኖራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሊነሱ የሚገባቸው መከራከሪያዎች አሉ። የዳኝነቱ ለውጥ ረድቶታል፤ አዎ፣ በዚያ ዓመት ጎል በመላው ሊግ ጨምሯል። ግን ቦስተንም የተጫወተው በዚያው ሕግ ነው፤ ማንም የተለየ በረዶ አልተሰጠውም። ቺቹን በተመለከተም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከቶርንተን መምጣት ሁለት ዓመት በፊት በ2003–04 በራሱ 28 ጎል አስቆጥሮ ነበር፤ ከምንም የተሠራ ሰው አልነበረም። ከዚያም በኋላ አብረው እየተጫወቱ ጎሉ 37፣ 23፣ 12 እያለ ወረደ። ጉዳት ጎድቶታል፣ ተከላካዮችም ለምደውታል። በ2009 ዴኒ ሂትሊን ለማምጣት ወደ ኦታዋ ተላከ። ስለዚህ «ቶርንተን ማንንም ኮከብ ያደርጋል» የሚለው ተቃራኒው ተረት ነው፤ እሱም እንደ መጀመሪያው ሰነፍ አስተሳሰብ ነው። ትክክለኛው ነገር ያነሰ ያሸበርቃል፦ እጁ ፈጣን የሆነ፣ ቦታ መያዝ የሚያውቅ አጥቂ ከእሱ ጋር ሲሆን ይጠቀማል። ኑብልና መሪ ቦስተን ላይ፣ ቺቹ ሳን ሆዜ ላይ፣ ቆይቶም ሂትሊ፣ ፓትሪክ ማርሎና ጆ ፓቬልስኪ። ማርሎ በ2009–10 ከእሱ ጋር 44፣ ሂትሊ 39 አስቆጥረዋል። ካናዳ በዚያው ዓመት ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ ሦስቱን እንዳሉ አንድ መስመር አድርጋ አሰልፋ ወርቅ ወስዳለች።

ዋንጫው ያስቆጫል፤ አልደብቀውም። ሻርክስ በዚያ ዘመን በመደበኛው ውድድር ኃያል ሆነው ፕሌይኦፍ ላይ ይሰናከሉ ነበር፤ ቶርንተን ስታንሊ ካፕን (የሊጉን ዋንጫ) ሳያነሳ ነው ያቆመው። እዚህ ላይ የድሮው ወሬ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። «አይመታም» የነበረው «አያሸንፍም» ሆነ። (ሳን ሆዜና አካባቢዋ የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ናት፤ ከዚያ ያላችሁ የሻርክስ ደጋፊዎች ይህን ክርክር ከእኔ በላይ ሰምታችሁታል።)

ኤፕሪል 27 ቀን 2009 አናሃይም ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሻርክስ በ117 ነጥብ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆነው ነበር የጨረሱት፤ ከስምንተኛው ከአናሃይም ዳክስ ጋር ገጠሙና 3 ለ 2 እየተመሩ ወደ ስድስተኛው ጨዋታ ገቡ። ለመክፈቻው ፓክ ቶርንተንና ራያን ጌትዝላፍ መሃል ላይ ተፋጠው ቆሙ። ጌትዝላፍም 1.93 ሜትር፣ እሱም ግዙፍ አቀባይ ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱም እኩል 25 ጎል ነበራቸው፤ በአሲስት ጌትዝላፍ 66፣ ቶርንተን 61። ፓኩ ወደቀ፣ ጓንቶቹም ወደቁ። ሁለቱ ተደባደቡ። ዳኛው እንደ ሕጉ ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ወደ ቅጣት ሳጥን ላካቸው። የየቡድናቸው ምርጥ አቀባዮች የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ወቅቱን በሚወስን ጨዋታ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ከመስታወት ጀርባ ተቀምጠው አሳለፉ። ሻርክስ 4 ለ 1 ተሸንፈው ወጡ። በማግስቱ ግን ያን ድብድብ የመሪነት ምልክት አድርጎ ያወደሰ አልጠፋም። እኔ ሳየው የሚታየኝ፣ ከሰውነታቸው የሚጠበቀውን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ሥራቸውን ያቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ጽናቱን የሚጠራጠር ካለ ደግሞ 2017 አለ። ቶርንተን ኤፕሪል ላይ ጉልበቱ ውስጥ ሁለት ጅማት ተበጥሶ፣ በ37 ዓመቱ፣ ከኤድመንተን ጋር በነበረው ፕሌይኦፍ አራት ጨዋታ በዚያ ጉልበት ተጫውቷል። ከአንድ ዓመት በፊት በ63 አሲስት ሻርክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፍጻሜ ይዞ ደርሶ፣ በፒትስበርግ 4 ለ 2 ተሸንፏል።

ሲያቆም ቁጥሩ 1,714 ጨዋታ፣ 430 ጎል፣ 1,109 አሲስት ነበር። በአሲስት ብዛት ከታሪክ ሰባተኛ። ከእሱ በላይ ካሉት ስድስት ውስጥ ሮን ፍራንሲስና ያሮሚር ያግር ከ1.90 የማያንሱ አጥቂዎች ናቸው። አቀባይነት የትንንሾች ነው የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ይህን ዝርዝር እያየሁ ይገርመኛል። በ2025 ቶርንተን የሆኪ ታዋቂዎች አዳራሽ ገባ።

የቦስተንን ነገር ደግሞ በአንድ ወገን መተው አይገባም። ክለቡ በዚያ ዓመት ከምድቡ መጨረሻ ወጣ፣ ኦኮኔልም በማርች ተባረረ። ከተላኩለት ሦስት ሰዎች ስቱዋርትና ፕሪሞ በ2007 ወደ ካልጋሪ ሲሄዱ አንድሩ ፈረንስ በምትኩ መጣ። በ2006 ጁላይ 1 ቀን ደግሞ ብሩይንስ በአንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ውል ፈረሙ። አንዱ 2.06 ሜትሩ ተከላካይ ዝዴኖ ቻራ ነው፤ አምበል ሆነ፣ በ2011ም ፈረንስን ጨምሮ ዋንጫውን አነሱ። ሊጉ ያኔ ለደመወዝ ጣሪያ አበጅቶ ነበርና ቶርንተን ባይሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ አይገኝም ነበር የሚሉ አሉ። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ከስድስት ዓመት በፊት አስበውት ነበር ካላላችሁ በቀር።

ሁለተኛው ውል ነው ግን ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመኝ። ማርክ ሳቫርድ ይባላል፤ የመሃል አጥቂ፣ 1.78 ሜትር። አትላንታ ላይ በነበረበት የመጨረሻ ዓመት 28 ጎልና 69 አሲስት ነበረው። ቦስተን በአራት ዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር አመጣው። በመጀመሪያው ዓመት 22 ጎል አግብቶ 74 አመቻቸ። ሬሾውን ከቶርንተን ጋር አስተያዩት፤ ቶርንተን በዚያው ዓመት ሳን ሆዜ ላይ እንዲሁ 22 ጎል ነበረው፣ አሲስቱ ግን 92። ሳቫርድ በቦስተን የተወደደው በማቀበሉ ነው። ለምን አይመታም፣ ለምን ሰው አያላትምም ተብሎ ሲወቀስ አልሰማሁም፤ የአቀባይ ሥራውን እየሠራ ነበርና።